ሐኪም ነዎት፣ ከሀገር ለመውጣትም አስበዋል? ከመወሰንዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ለመውጣት ማሰብ ክህደት አይደለም፤ እዚህ ላይ እንግባባና እንቀጥል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 ሰው በፈለገው ጊዜ ከሀገር የመውጣት፣ ኢትዮጵያዊም ወደ ሀገሩ የመመለስ መብት እንዳለው ይደነግጋል። በደርግ ዘመን ለመውጫ ቪዛ ደጅ የጠኑ ሰዎች የዚህን አንቀጽ ዋጋ አሳምረው ያውቁታል። «ድሃው ሕዝብ አስተምሮህ ጥለኸው ልትሄድ?» የሚለው ወቀሳ ባዶ ነው ማለቴ አይደለም፤ ለ10,000 ሰው አንድ ሐኪም ገደማ ባለበት ሀገር የአንድም ሰው መውጣት ይጎዳል። ግን ወቀሳ ሰው ሲያስቀር አላየሁም። የሚወጣው አንገቱን ደፍቶ እንዲወጣ፣ ከወጣም በኋላ እንዳይጠይቅ ነው የሚያደርገው።

ከዚህ በታች ያለው የተጻፈው በተለይ ለጠቅላላ ሐኪም ነው። ነርስ፣ ፋርማሲስት ወይም መሐንዲስ ከሆኑ የፈተናዎቹን ስም በራስዎ ሙያ እየተኩ ያንብቡት።

የሚያስወጣዎት ምን እንደሆነ ለይተዋል?

የብዙው ሰው የመጀመሪያ መልስ ደመወዝ ነው፣ የሚክደውም የለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፣ ከዚያ ወዲህም መውጣቱን ቀጠለ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ የዲግሪ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ሲደረግ እንኳ በዶላር ሲመነዘር መቶ አልሞላም። የሐኪም ደመወዝ ከዚህ ከፍ ይላል፤ የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ግን ይህን ልዩነት አይቆጥርም። የጤና ባለሙያዎች በ2011 ዓ.ም. ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር ስብሰባ ተቀምጠዋል፣ ሰልፍም ወጥተዋል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ደግሞ ሥራ እስከ ማቆም ደረሱ። በሁለቱ መካከል ስድስት ዓመት አለ፤ ጥያቄው ግን ያው ነበር።

ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ደግሞ ሌላ ነገር ይወጣል። ሐኪሙ በምደባ ዕጣ የደረሰውን ወረዳ መቼ እንደሚለቅ የሚነግረው አጥቷል። ስፔሻላይዝ ለማድረግ ቢጠይቅ ስፖንሰር የሚሆነው የለም። ምርመራ ያዛል፣ መሣሪያው ተበላሽቷል፤ መድኃኒት ያዛል፣ ታካሚው ከውጭ ገዝቶ መምጣት አለበት። ሌሊቱን በዲዩቲ ያድራል፣ የዲዩቲው ክፍያ ወራት ይቆያል። በጦርነት ቀጠና ያለው ደግሞ ይህን ሁሉ እንደ ቅንጦት ነው የሚሰማው።

ከዚህም የባሰ አለ። የሕክምና ትምህርት ቤቶች በአጭር ጊዜ በዙ፣ ተመራቂውም በዛ፤ ክልሎች የሚቀጥሩበት በጀት ግን አልተከተለውም። ሐኪም ጠፋብኝ በሚል ሀገር ተመርቀው ምደባ የሚጠብቁ ሐኪሞች አሉ። እነዚህን «የተሰደደ አእምሮ» ብሎ መጥራት ይከብደኛል። ሥራ ያልሰጡትን ሰው ሄደ ብሎ ማዘን ትንሽ ድፍረት ይጠይቃል።

እንግዲህ ምክንያቶችዎን ወረቀት ላይ ያውጡና በእያንዳንዱ አጠገብ «መውጣት ይፈታዋል?» ብለው ይጠይቁ። ገንዘብ? አዎ፣ ግን ወዲያው አይደለም፤ በአሜሪካ መንገድ ከወሰኑበት ቀን እስከ ስፔሻሊስት ደመወዝ ድረስ ሰባትና ስምንት ዓመት መቁጠር የተለመደ ነው። የሙያ ትምህርትና መሣሪያ? አዎ፣ ከገቡ። ክብር? የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚወስዱብዎ እሱን ነው። የአለቃ ክፋት ብቻ ከሆነ ደግሞ ሆስፒታል መቀየር ሀገር ከመቀየር ይረክሳል።

የሚሄዱበትን በር ያውቁታል?

«ውጭ» የሚባል አንድ ሀገር የለም። እያንዳንዱ በር የራሱ ቁልፍ አለው፤ ሁሉንም አንድ ላይ ጀምሮ አንዱንም ሳይጨርስ ዓመታት ያለፉበት ሰው ብዙ ነው።

አሜሪካን እናስቀድም፣ ሕልሙም ወጪውም ትልቁ እሱ ነውና። መጀመሪያ የተመረቁበት ትምህርት ቤት በዓለም አቀፉ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ማውጫ ውስጥ መኖሩን፣ የውጭ ተመራቂ ሐኪሞችን ማስረጃ በሚመረምረው ኢሲኤፍኤምጂ ዘንድ ተቀባይነት እንዳለው የሚገልጸው ማስታወሻም የእርስዎን የምረቃ ዓመት ማካተቱን ያረጋግጡ። ይህን ሳያዩ ለመጻሕፍትና ለኦንላይን የጥያቄ ባንክ ገንዘብ አያውጡ። ከዚያ ስቴፕ ዋንና ስቴፕ ቱ ሲኬ የሚባሉ ፈተናዎች አሉ፤ የእያንዳንዱ ክፍያ ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። ስቴፕ ዋን ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለፈ ወይም ወደቀ ብቻ ስለሆነ ክብደቱ ሁሉ ስቴፕ ቱ ላይ አርፏል። ኦኢቲ የተባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ይከተላል። ሁሉ ተሟልቶ ለሬዚደንሲ ካመለከቱ በኋላ ውጤቱ በመጋቢት ይነገራል። ዜግነታቸውም ትምህርታቸውም የውጭ ከሆኑ አመልካቾች መካከል በቅርብ ዓመታት ቦታ ያገኙት ከመቶ 60 ገደማ ናቸው። ይህን ቁጥር ሁለት ጊዜ ያንብቡት፤ እነዚያን ሁሉ ፈተናዎች ካለፉት መካከል ከአሥሩ አራት ያህሉ ያንን ዓመት ባዶ እጃቸውን ነው የሚውሉት። የውስጥ ደዌ፣ የቤተሰብ ሕክምናና የሕፃናት ሕክምና በሩ ሰፋ ይላል። ሕልምዎ የቆዳ ወይም የአጥንት ቀዶ ሕክምና ከሆነ ከአሁኑ ሌላ ምርጫ ይያዙ።

ማች ካደረጉ፣ ማለትም ቦታ ካገኙ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጥዎ ቪዛ ጄ ዋን ነው። ለዚህ ቪዛ የሀገርዎ ጤና ሚኒስቴር «ይህ ሙያ ለሀገራችን ያስፈልጋል፣ ባለሙያውም ተመልሶ ያገለግላል» የሚል ደብዳቤ መጻፍ አለበት። ሥልጠናው ሲያልቅ ሁለት ዓመት ሀገር ቤት ተመልሰው መኖር፣ ወይም ከዚህ ግዴታ ነፃ የሚያደርግ መንገድ መፈለግ አለብዎ። ዋናው መንገድ ኮንራድ 30 ይባላል። እያንዳንዱ የአሜሪካ ግዛት በዓመት ለ30 ሐኪሞች ፈቃድ ይሰጣል፤ ሐኪሙ በምትኩ ሐኪም በጠፋበት አካባቢ ሦስት ዓመት ያገለግላል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ልሳቅ። ከወረዳ ዕጣ ሸሽቶ የወጣ ሐኪም በዳኮታ በረዶ ውስጥ ወረዳ ይመደባል፤ እየተደሰተም ይሄዳል! ሀብታሟ አሜሪካም ለገጠሯ ሐኪም ማግኘት ስላቃታት የምትጠቀመው ያንኑ የግዴታ አገልግሎት ነው። ልዩነቱ ውሉ ላይ ነው። የዳኮታው ሦስት ዓመት ሦስት ዓመት ነው፤ መጀመሪያው ቀን የታወቀ፣ መጨረሻው ቀን የታወቀ፣ ሲያልቅ የሚከተለውም የታወቀ። ሰው ገጠርን ይችላል። የማይችለው ማብቂያ የሌለውን ገጠር ነው። ስለ ፍልሰት ከሚነገረው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብባል ይህን እይዛለሁ፤ ወደታች ደግሞ እመለስበታለሁ።

የእንግሊዙ በር ፕላብ ነው። ፈተናው ከአሜሪካው ይቀላል ይባላል፤ ነገር ግን ፕላብ አልፈው፣ ተመዝግበው፣ ሥራ አጥተው የተቀመጡ ሐኪሞች በዝተዋል። አንድ ነገር በተለይ ይወቁ፦ ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያ እጥረት ካለባቸው ሀገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሆነች የእንግሊዝ ቀጣሪዎች እዚህ መጥተው ሐኪምና ነርስ እንዲመለምሉ አይፈቀድላቸውም። እርስዎ በራስዎ ማመልከት ይችላሉ። ስለዚህ «ለእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሰው እየመለመልን ነው፣ ቅድሚያ ክፍያ አምጡ» የሚል ኤጀንሲ ካጋጠመዎ ቦርሳዎን ዘግተው ይውጡ። በእንክብካቤ ሠራተኛነት መሄድ የሚያስቡ ነርሶችም ያ ቪዛ ከሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከውጭ ለሚመጣ ሰው መዘጋቱን ይወቁ።

ጀርመን ቋንቋዋን ትጠይቃለች፦ ቢ ቱ አጠቃላይ ጀርመንኛ፣ በላዩም የሕክምና ቋንቋ ፈተና። ትምህርትዎ እኩል ካልተባለ የዕውቀት ፈተና አለ፣ አሠራሩም በየግዛቱ ይለያያል። በምላሹ የስፔሻሊቲ ሥልጠናው ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ነው። ለዓረብ ሀገሮች የሚያስፈልገው የሁለት ዓመት ገደማ የሥራ ልምድ፣ የዳታፍሎ ማረጋገጫና የፕሮሜትሪክ ፈተና ነው፤ ገንዘብ ለመቆጠብ ጥሩ፣ ለመኖር ግን ውሉ እስካለ ድረስ ብቻ። ሀርጌሳን ደግሞ ማንም በፍልሰት ወሬ ውስጥ አያነሳትም፤ እዚያ በዶላር እየተከፈላቸው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች አሉ።

ዲቪ ከደረሰዎ

ደስታው ይገባል፣ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። የአሜሪካ የሬዚደንሲ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ከተመረቀ ከአምስት ዓመት በላይ የሆነውን አመልካች አይወዱም። በዋሽንግተንና በአካባቢው ፓርኪንግ የሚሠሩ፣ ታክሲ የሚነዱ ወይም አረጋውያንን በየቤቱ የሚንከባከቡ ሐኪሞችና ፋርማሲስቶች እንዳሉ የማያውቅ የለም። አብዛኞቹ «ለስድስት ወር ብቻ፣ እግሬን እስክተክል» ብለው ነው የጀመሩት። ኪራይ መጣ፣ ቤተሰብ መጣ፣ ወደ ሀገር ቤት የሚላክ መጣ፤ የምረቃው ዓመት አረጀ። ሥራው አያሳፍርም። ከፈተናው በፊት የመጣ መሆኑ ነው ጉዳቱ። ስለዚህ ቢያንስ አንዱን ስቴፕ እዚሁ ሳሉ፣ የቤት ኪራዩ በብር ሳለ፣ ይጨርሱ። ይህን ምክር ከዚያ ሆነው የሚደውሉ ጓደኞችዎም ይነግሩዎታል፤ ችግሩ የሚነግሩን ከሄድን በኋላ ነው።

ዕዳዎንና ወረቀትዎን አይተዋል?

ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የተማረ ሰው የወጪ መጋራት ውል ፈርሟል። ሐኪም በተጨማሪ የአገልግሎት ግዴታ አለበት፤ ግዴታውን ሳይወጣ ኦሪጅናል ዲግሪና መልቀቂያ ማግኘት ጭንቅ ነው። ውልዎን አውጥተው ያንብቡ፣ ስንት ዓመት እንደሚል፣ በገንዘብ መክፈል ይቻል እንደሆነ። በቴምፖ ወረቀት ፕሮሰስ ጀምረው መሐል ላይ የሚቆሙ ብዙዎች ናቸው።

ዲግሪ መያዝ ሰው ያስቀራል ወይ ብለው ከጠየቁኝ፣ እኔ አላምንም። ወረቀቱ እስኪለቀቅ ሰውየው በአካል ወረዳው ላይ ይቀመጣል፣ ልቡ ግን የጥያቄ ባንክ እየሠራ ነው። ወረቀቱ በተለቀቀ ማግሥት ይሄዳል፤ መንግሥትም ሦስት ዓመት አገለገለኝ ብሎ ይቆጥረዋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰውየው ለመቅረት የሚያበቃ ምክንያት እንዲያገኝ ማን ምን አደረገ? ጥያቄው ይህ ነበር።

መቅረትስ የሚያዋጣው መቼ ነው?

ሰው መውጫውን ያጠናል፣ መቅረቱን ግን አያጠናም፤ መቅረት የሚባለው ዝም ብሎ መቀመጥ ስለሚመስለው። እኔ ግን መቅረትም እንደ ማች ማመልከቻ በጥያቄ መመርመር አለበት እላለሁ። ሀገሮች ባለሙያቸውን ያስቀሩበትን መንገድ ማወቅ እዚህ ይረዳል፤ የሚሠሩበት ቦታ ከእነዚህ አንዱን ይሠራ እንደሆነ ለማየት ያስችልዎታልና።

ከሁሉ የሚገርመኝ የጋና ነው። ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጋና ከአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲና ከሌሎች ጋር ሆና የማሕፀንና ጽንስ ስፔሻሊስቶችን በራሷ ምድር ማሠልጠን ጀመረች። ከመጀመሪያዎቹ 38 ተመራቂዎች 37ቱ ጋና ውስጥ ቀሩ። ደመወዛቸው እንደ ለንደን ሆኖ አይደለም። ሰው ለስፔሻሊቲ ሲወጣ በሚማርባቸው ዓመታት ውስጥ ያገባል፣ ልጅ ይወልዳል፣ ቤት ይገዛል፤ ትምህርቱ ሲያልቅ መመለሻው ጠፍቷል። ትምህርቱ እዚህ ከሆነ ግን ያ ሁሉ ሕይወት እዚህ ይተከላል። በ2003 እ.ኤ.አ. ጋና ይህንኑ አስፍታ የራሷን የስፔሻሊስቶች ኮሌጅ አቋቋመች።

ያው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በአዲስ አበባ ከቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ጋርም ሠርቷል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ እዚያ በ2015 እ.ኤ.አ. ሲከናወን ትርጉሙ ለታካሚው ብቻ አልነበረም፤ ለወጣት ቀዶ ሐኪም «ይህንም ለመማር መውጣት የግድ አይደለም» የሚል ዜና ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው መመርመሪያ ጥያቄዎ ይህ ይሁን፦ መማር የምፈልገው ሙያ እዚህ ይሰጣል? ለመግባትስ የተወሰነ ተራ አለኝ ወይስ በሰው ፈቃድ ላይ ነኝ?

ደመወዝ ብቻውን የሚሠራበትም ጊዜ አለ። ማላዊ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባካሄደችው ፕሮግራም በጤና ባለሙያዎች ደመወዝ ላይ 52 በመቶ ጨመረች፤ በአምስት ዓመት ውስጥ የባለሙያው ቁጥር በግማሽ ያህል አደገ። ገንዘቡ በብዛት የለጋሾች ስለነበር ዘላቂነቱ ሁልጊዜ ያሳስብ ነበር። ደቡብ ኮሪያ ደግሞ በ1966 እ.ኤ.አ. ኪስት የተባለውን የምርምር ተቋም ስታቋቁም አሜሪካ የቀሩ ሳይንቲስቶቿን በቤት፣ በጥሩ ደመወዝና በምርምር ነፃነት ጠራቻቸው። ዛሬ ይህ ምሳሌ በየስብሰባው ይጠቀሳል፤ ነፃነቱ የሚለው ክፍል ግን ሲጠቀስ ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

ሀገራችንም የራሷ ዘዴ አላት፣ ማንም ዘዴ ብሎ ባይጠራውም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጤና መኮንኖችን አሠልጥኗል። ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ጤና መኮንኖች በማስተርስ ደረጃ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ይሠለጥናሉ፤ በየወረዳው በቀዶ ጥገና የሚያዋልዱት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። ማዕረጋቸው በውጭ ገበያ አቻ ስለሌለው እንደ ሐኪም በቀላሉ አይሄዱም። ብዙ እናቶችን አትርፈዋል፣ ክብር ይገባቸዋል። እንደ ፖሊሲ ግን አንድ ነገር ይጎረብጠኛል፤ በር ስለሌለው የቀረ ሰው ወዶ ከቀረ ጋር አንድ አይደለም፣ ቅሬታውም ከእሱ ጋር ይቀራል።

የሚቀሩ ከሆነ እንግዲህ አለቃዎን ወይም የክልሉን ጤና ቢሮ የሚጠይቁት በቀን የተወሰነ ነገር ይሁን፦ ከዚህ ወረዳ የምለቀው መቼ ነው? ስፔሻሊቲ የምገባው በየትኛው ዓመት ነው? ቤት አለ? የዲዩቲ ክፍያ በስንት ቀን ይገባል? መልሱን በደብዳቤ ይለምኑ። «እናያለን» የሚለው መልስ ራሱ መልስ ነው፤ ውሳኔዎን ያቀልልዎታል።

መመለሻውን አስበዋል?

የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ጥምር ዜግነት አይፈቅድም፤ የሌላ ሀገር ዜግነት ሲወስዱ የኢትዮጵያው ይቀራል። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ያመጣው ቢጫ ካርድ ያለ ቪዛ መግባትና ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራት ያስችላል፣ መምረጥና መመረጥ ግን አያስችልም። ይህ ለአንዳንዱ ምንም አይደለም፣ ለአንዳንዱ ግን ትልቅ ነው። ሲወጡ እንጂ ሲመለሱ የሚታሰብ መሆን የለበትም።

ደግሞም መመለስ በአካል ብቻ አይደለም። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ከዓለማያ ኮሌጅ ወጥተው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ፣ ኋላም እዚያው ያስተማሩ ሳይንቲስት ናቸው። ድርቅ የሚቋቋመውን የማሽላ ዝርያቸውን ያወጡት በሱዳን ሲሠሩ በ1983 እ.ኤ.አ. ነው፤ አቀንጭራ የሚቋቋሙት ዝርያዎቻቸው ደግሞ ከፐርዱ ተነስተው ወደ ብዙ የአፍሪካ ሀገሮች ገበሬዎች ደረሱ፣ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙ። ይህን የጠቀስኩት «ውጭ ሆኖም ሀገር ይጠቅማል» የሚለውን ማጽናኛ ለመስጠት አይደለም። ዕውቀታቸው የደረሰው የሚቀበለውና የሚያባዛው ተቋም እዚህ በአፍሪካ ምድር ላይ ስለነበረ ነው። ሐኪምም ቢሆን በዓመት ሁለት ሳምንት መጥቶ ቢያስተምር የሚጠቅመው ሬዚደንት የሚያሠለጥን ክፍል፣ የሚሠራ መሣሪያ ካለ ነው። የሚቀሩት ሰዎች ከሌሉ የሚሄደውም ለማን ያካፍላል?

ለመሄድ ከወሰኑ

ትራንስክሪፕትዎን፣ የኢንተርንሺፕ ማስረጃዎን፣ የሙያ ፈቃድዎንና የሠሩበትን ሆስፒታል የልምድ ደብዳቤ እግርዎ እዚህ ሳለ ይሰብስቡ፤ በየወረቀቱ ላይ ያለው የስምዎ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ከፓስፖርትዎ ጋር በአንዲት ፊደል እንኳ እንዳይለያይ ያስተካክሉ። የምክር ደብዳቤ የሚጽፉልዎ መምህራን ጡረታ ሳይወጡ፣ እነሱም ሳይሄዱ፣ ያስጽፉ። ለቀሪው ጉዳይ ውክልና የሚሰጡት ሰው ሬጅስትራር ቢሮ ሰልፍ ቆሞ የማይሰለች ይሁን። የቪዛ ደንብ በአንድ ሌሊት ይለወጣል፤ በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የተማሪና የልውውጥ ቪዛ ቀጠሮ ለሳምንታት ስታቆም ማች ያደረጉ ሐኪሞችም ሥራ መጀመሪያቸው ደርሶ ጠብቀዋል። ስለዚህ ቪዛው ፓስፖርትዎ ላይ እስኪመታ ድረስ የሥራ መልቀቂያ አያስገቡ፣ የቤት ዕቃዎንም አይሽጡ።